የማን ልጅ ነው?

ቤዝቦል የማያይ ሰው ስለ ቤዝቦል የአንገቱ ሥር እስኪገተር ሲከራከር ማየት የፈለገ በሐምሌ ዋሽንግተን አጠገብ ሲልቨር ስፕሪንግ ወዳለው የሐበሻ ካፌያችን ጎራ ይበል። ጨዋታው ራሱ ረጅም ነው፤ ከጊዜውም ብዙው የሚያልፈው አንዱ ጓንቱን ሲያስተካክል፣ ሌላው የሱፍ ልጣጭ ሲተፋ ነው። የእኛ ሰው ለዚህ ትዕግሥት የለውም። ድራፍቱን ግን አይስትም። ድራፍት ስል የሚጠጣውን አይደለም፤ የሚጠጣው ከጎን ሲኖር ክርክሩ እንደሚደምቅ ግን አልክድም።

ነገሩ እንዲህ ነው። በየዓመቱ ሐምሌ ላይ ሠላሳዎቹ የሜጀር ሊግ ቡድኖች ተራ ገብተው፣ ሃያ ዙር እየዞሩ፣ ከሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤትና ከኮሌጅ ልጆች ይመርጣሉ። ስሙ የተጠራ ልጅ ወይ ከጠራው ቡድን ጋር ይፈርማል፣ ወይ ወደ ትምህርቱ ይመለሳል እንጂ በዚያ ዓመት ከሌላ ቡድን ጋር መደራደር የለም። የሥርዓቱ መሠረት ከ1965 ጀምሮ ይኸው ነው (ዘመኑን ሁሉ በፈረንጆቹ እቆጥራለሁ፤ ቤዝቦል ጳጉሜን አያውቅም)። በእንግሊዝ ፕሪምየር ሊግ ላደግን ሰዎች ግር የሚለን ተራው ነው። እዚያ ከታች የቀረ ይወርዳል፤ እዚህ ከታች የቀረ ቀድሞ ይመርጣል። ሻምበል ይህን የሰሙ ዕለት «ለሰነፍ ሽልማት!» ብለው ስኒያቸውን አስቀመጡ።

ሻምበል ታክሲ ሲነዱ ያረጁ ሰው ናቸው። ማዕረጉ ከድሮው ጦር ይሁን ከካፌው ቀልድ ያጣራ የለም። በአናኮስቲያ ወንዝ ዳር ያለው የዋሽንግተን ቤዝቦል ስቴዲየም፣ ናሽናልስ ፓርክ፣ በ2008 ከተከፈተ ጀምሮ ተመልካች ሲያመላልሱ ኖረዋል። ስቴዲየሙ ውስጥ አንድም ቀን አልገቡም። ከኋላ ወንበር የተወራውን ግን አንድ ሳያስቀሩ ይዘው ካፌ ይመጣሉ፤ የሞቀው ተሳፋሪ የተናገረውን ደግሞ ከቡድኑ መግለጫ አስበልጠው ያምኑታል።

ከእሳቸው ፊት ለፊት የምትቀመጠው የካፌው ባለቤት ልጅ ናት። እዚሁ ተወልዳ ስታትስቲክስ ታጠናለች፤ ላፕቶፗን ሳትከፍት አፏን አትከፍትም። ሦስተኛው አሜሪካዊው ጎረቤታችን፣ ጡረተኛው የአውቶቡስ ሾፌር ነው። የዋሽንግተን ቡድን በ1971 ከተማዋን ጥሎ ቴክሳስ ሲገባ ያለቀሰ ሰው ነው፤ በ2005 የሞንትሪያሉ ቡድን መጥቶ ናሽናልስ እስኪባል ድረስም ዋና ከተማው ቤዝቦል አልነበረውም። ከዚያ ወዲህ ደስ የሚል ወሬ ሲነገረው ቅር ይለዋል። እኔ መሐል ነኝ፤ ሥራዬ ማስተርጎምና ሂሳብ መክፈል ነው።

ሰነፍ መሸለሙን ሊጉም ኋላ ላይ አስቦበታል። ሆን ብሎ የሚሸነፍ እንዳይበዛ ዕጣ አመጣ፤ ዕጣው መጀመሪያ የሠራው ለ2023ቱ ድራፍት ነው። እዚህ ላይ የእኛን ሰዎች ዕድል ተመልከቱ። በ2022 ናሽናልስ 107 ጊዜ ተሸንፈው ከሊጉ ሁሉ የመጨረሻው መጨረሻ ሆኑ። ድሮ ቢሆን አንደኛው ምርጫ ያለ ምንም ጥያቄ የእነሱ ነበር። ዕጣው ግን አንደኝነቱን ለፒትስበርግ ሰጠ፤ ፒትስበርግም ፖል ስኪንስ የሚባለውን ፒቸር (ኳስ ወርዋሪ) ወሰደ። ልጁ በማግስቱ ዓመት የሊጉ ምርጥ ጀማሪ ተባለ። ናሽናልስ ሁለተኛ ሆነው ዲላን ክሩስን አገኙ። የአውቶቡሱ ሾፌር እስከ ዛሬ የሚለው አንድ ነገር ነው፦ «መሸነፍ እንኳ በወጉ አልተሳካልንም»።

ስለዚህ በታኅሣሥ 2024 ዕጣው ሲወጣ፣ ከመቶ አሥር ገደማ ዕድል ብቻ የነበራቸው ናሽናልስ የአንደኛነቱን ቁጥር ሲያገኙ ካፌው አበደ። ከዚያ እስከ ሐምሌ ሰባት ወር አለ። ሰባት ወር ሙሉ፣ አንድም ሰው በዓይኑ ስላላያቸው ልጆች ተከራከርን።

የመጀመሪያው ጭቅጭቅ ፒቸር ይወሰድ ወይስ መቺ የሚለው ነበር። በእኔ ግምት ይህ ጥያቄ መልስ ያላገኘው ስቲቨን ስትራስበርግ የሚባል አንድ ሰው ለሁለቱም ወገን ምስክር ስለሆነ ነው። በ2009 ናሽናልስ አንደኛ አድርገው መረጡት፤ ያኔ ተሰምቶ በማይታወቅ 15.1 ሚሊዮን ዶላር ፈረመ። በመጀመሪያ ጨዋታው አሥራ አራት ሰው ዱላውን ይዞ እንዲመለስ አደረገ። ዓመቱ ሳያልቅ የክርኑ ጅማት ተቀደደና ሐኪም ቢላ ሥር ገባ። በ2012 ቡድኑ ወደ ማጣሪያው እየገሰገሰ ሳለ «ክርኑ ይረፍ» ተብሎ መስከረም ላይ አስቀመጡት፤ በዚህ የተጣሉ ወንድማማቾች እስካሁን አልታረቁም ሲባል እሰማለሁ። በ2019 ደግሞ ናሽናልስ የሊጉን ዋንጫ ሲበሉ የፍጻሜው ኮከብ እሱ ሆነ። ወዲያው ለሰባት ዓመት 245 ሚሊዮን ዶላር ፈረሙለት። ከዚያ በኋላ ስምንት ጨዋታ ተጫወተ። ስምንት! «ፒቸር ውሰዱ» የሚለው ዋንጫውን ያሳያል፤ «አትውሰዱ» የሚለው ክርኑን።

ልጅቷ የምትለው ኬድ አንደርሰንን ነበር፤ የሉዊዚያና ስቴት ግራኝ ፒቸር። ሰኔ ላይ በኮሌጆች የፍጻሜ ግጥሚያ ተጋጣሚውን አንድ ነጥብ ሳያስገባ ጨርሶ የውድድሩ ኮከብ ተብሏል። ቁጥሩን በሠንጠረዥ አሳየችን። ሻምበል መነጽራቸውን አውጥተው ሠንጠረዡን ከላይ እስከ ታች ካነበቡ በኋላ መነጽሩን መልሰው ከተቱና፣

«ይሄ ሁሉ ጥሩ ነው። የማን ልጅ ነው?» አሉ።

እሷ ሳቀች። እኔም ሳቅሁ። ያልሳቀው አሜሪካዊው ነው። «ካፒቴን እውነቱን ነው» አለ፤ በዚያ ዓመት ከላይ ስማቸው የሚነሣው ሁለቱ የሁለተኛ ደረጃ ልጆች፣ ሁለቱም ሾርትስቶፖች (በሁለተኛውና በሦስተኛው ቤዝ መካከል የሚቆሙ)፣ ሁለቱም የኦክላሆማ ልጆች፣ ሁለቱም የሜጀር ሊግ ተጫዋች ልጆች ነበሩና።

ከዚያ ወዲያ ነገሩ ሌላ መልክ ያዘ። የተሸፋፈነው ሁሉ ተገለጠልኝ፦ ይህ ስፖርት አይደለም፣ ሽምግልና ነው። ልጅ ለመዳር አጥንት የሚቆጥር የአገሬ ሽማግሌና የኳስ ፍጥነት በራዳር የሚለካ የአሜሪካ ስካውት የሚለያዩት በባርኔጣ ብቻ ነው። ሻምበል ቤታቸው እንደ ገቡ ተሰማቸው።

«የመጀመሪያው ኢታን ሆሊዴይ ነው» አለች ልጅቷ፣ እየተናደደችም ቢሆን። «አባቱ ማት ሆሊዴይ፤ ሰባት ጊዜ ኮከቦች ቡድን ውስጥ የገባ።»

«ወንድም?»

«ታላቁ ጃክሰን በ2022 አንደኛ ተመርጦ ባልቲሞር ነው።»

«እዚችው ባልቲሞር? ጎረቤት?»

«አዎ። አያቱም አሠልጣኝ ነበሩ፤ አጎቱም የኦክላሆማ ስቴት አሠልጣኝ ነው።»

ሻምበል በጣታቸው ቆጠሩ። ሰባት ቤት ባይሞላም ረኩ። «ይሄ ጨዋ ቤት ነው። ሌላ ምን ትፈልጋላችሁ? በዓል በመጣ ቁጥር ወንድሙን ለመጠየቅ በመኪና አንድ ሰዓት ነው!»

ሁለተኛው ኢላይ ዊሊትስ ነበር። አሥራ ሰባት ዓመቱ። ፎርት ኮብ ከምትባል ጥቂት መቶ ሰው ከሚኖርባት መንደር፤ ትምህርቱን አንድ ዓመት አስቀድሞ ጨርሶ የመጣ፤ በቀኝም በግራም የሚመታ። አባቱ ሬጂ ዊሊትስ ለኤንጅልስ ተጫውቷል። ስሙ ያን ያህል አልገነነም፤ ጉልበተኛ ሳይሆን ፈጣን የሚባል ዓይነት። ሻምበል ስለ አባትየው ሲሰሙ ዝም አሉ። ዝምታቸው «ደህና ሰዎች ናቸው፣ ግን መሬታቸው ስንት ጋሻ ነው?» የሚል ነበር።

ስካውቶቹ ራሳቸው ለልጆቹ ነጥብ የሚሰጡት ከ20 እስከ 80 ነው። ዜሮ የለም። ይህን ስሰማ በጣም ተጽናናሁ፤ እኔም በዚህ ጉልበቴ ሜዳ ብገባ 20 አላጣም ማለት ነው።

አሜሪካዊው በበኩሉ መተማመን የሚባል ነገር አልፈጠረበትም። «በ2009 አንደኛና አሥረኛው ምርጫ የእኛ ነበር» ይላል። «አንደኛውን ለስትራስበርግ፣ አሥረኛውን ድሩ ስቶረን ለሚባል ፒቸር አዋልነው። ያን ቀን ማይክ ትራውት በ25ኛው ለኤንጅልስ ሄደ!» ትራውት ሦስት ጊዜ የሊጉ ኮከብ ተጫዋች ሆኗል። ስቶረን ደግሞ በ2012 ማጣሪያ የመጨረሻ ጨዋታ፣ ድሉ ሊጨበጥ ትንሽ ሲቀር፣ በዘጠነኛው ዙር አራት ነጥብ ያስገባው ሰው ነው። የአውቶቡሱ ሾፌር ያን ምሽት ሲተርክ በካፌው ቡና የሚቀዳው ልጅ እንኳ ጀበናውን ዝቅ አድርጎ ይይዛል። ብራይስ ሃርፐርን አንሥተን ልናጽናናው ብንሞክር ባሰበት። በ2010 ናሽናልስ አንደኛ አድርገው የመረጡት ሃርፐር በ2019 ለአሥራ ሦስት ዓመት 330 ሚሊዮን ዶላር ፈርሞ ፊላደልፊያ ገባ። ናሽናልስ ዋንጫውን የበሉት በዚያው ዓመት ነው። ሙሽራው ከሄደ በኋላ ሠርጉ ደመቀ።

ሻምበል ግን ከታሪክ ሁሉ የወደዱት የማይክ ፒያሳን ነው። በ1988፣ በ62ኛው ዙር፣ 1,389 ልጆች ከተጠሩ በኋላ ዶጀርሶች መረጡት፤ እሱም የአባቱ ወዳጅ የነበረው አሠልጣኝ ቶሚ ላሶርዳ ውለታ ስለ ዋለ ነው። ልጁ ከታላላቆቹ ኳስ ያዦች አንዱ ሆኖ በ2016 የዝና አዳራሽ ገባ። «በአማላጅ!» አሉ ሻምበል፣ ጠረጴዛውን እየመቱ። «በአማላጅ የገባ ሁሉ የማይረባ ነው የሚል ሰው ካለ ወደ እኔ ላኩልኝ።» አሁን ዙሩ ሃያ ብቻ መሆኑ ለአማላጅ በሩን ስለዘጋ አዝነዋል።

ምርጫው ሊደርስ አንድ ሳምንት ሲቀረው ሽማግሌው ራሱ ተባረረ። ከ2009 ጀምሮ ስትራስበርግንም ሃርፐርንም ያስመረጠው ሥራ አስኪያጅ ማይክ ሪዞ ከአሠልጣኙ ከዴቭ ማርቲኔዝ ጋር በአንድ ቀን ተሰናበተ። ማይክ ዲባርቶሎ የሚባል ምክትል በጊዜያዊነት ተተካ። ሻምበል ደነገጡ። ሠርግ ሊደገስ ሳምንት ሲቀረው የቤቱን አባወራ መቀየር ምን ማለት ነው? ልጅቷ እንኳ መልስ አልነበራትም።

ሐምሌ 13 ማታ ካፌው ጢም አለ። የአንደርሰን ወገን በመስኮቱ በኩል፣ የሆሊዴይ ወገን ከሻምበል ጋር በቴሌቪዥኑ ሥር። ኮሚሽነሩ አትላንታ ላይ መድረክ ወጥተው የጠሩት ኢላይ ዊሊትስን ነው። ለአፍታ ጸጥ አለ። ከዚያ በሕይወቴ ያላየሁትን አየሁ፦ ሰባት ወር ስሙን ያልጠሩ ሰዎች በየወንበሩ እየተነሡ «ብያለሁ! አላልኩም?» ይባባላሉ። አንዱ ከሻምበል ወገን ስለ ልጁ የሩጫ ፍጥነት ትንታኔ ይሰጥ ጀመር። ከሁለት ደቂቃ በፊት የሆሊዴይን ትከሻ ሲያወድስ ነበር። የዚህ ክርክር ጣዕሙም እዚህ ላይ ይመስለኛል፤ እውነቱ የሚታወቀው ከአራት ከአምስት ዓመት በኋላ ነው፣ ያን ጊዜ ማን ምን እንዳለ መዝግቦ የያዘ የለም።

ሻምበል ብቻ አልተገለበጡም። ሁለተኛው ተጠራ፤ ሦስተኛው አንደርሰን ሲያትል ገባ። አራተኛው ሲደርስ ኮሎራዶ ኢታን ሆሊዴይን ጠራች፤ አባቱ ስሙን የተከለበት ቡድን። «ወደ አባቱ ቤት ገባ» አሉና ተረጋጉ።

የባሰው ከቀናት በኋላ፣ የፊርማው ገንዘብ ሲወራ መጣ። ዊሊትስ በ8.2 ሚሊዮን ዶላር ፈረመ። ሊጉ ለአንደኛው ምርጫ የሚተምነው ከ11 ሚሊዮን በላይ ነበር። ልጅቷ በእርጋታ አስረዳች፦ እያንዳንዱ ቡድን የተወሰነ ድምር አለው፤ ከአንደኛው የተረፈውን በኋለኞቹ ዙሮች ለሚመረጡ ልጆች ያደርገዋል። ሻምበል ጥሎሽ ከታላቂቱ ቀንሶ ለታናናሾቿ ማዳረስ እንደሆነ ወዲያው ገባቸው፤ ነውር እንደሆነም እንዲሁ። ከዚያ የሆሊዴይን ጠየቁ።

«ዘጠኝ ሚሊዮን» አለች።

ሻምበል ወደ እኔ ዞሩ። «አንተ ልጅ፣ ተርጉምልኝ ለዚህ ሰውዬ። አንደኛው ስምንት፣ አራተኛው ዘጠኝ። ታዲያ አንደኛው ማን ነው?»

ተረጎምኩ። የአውቶቡሱ ሾፌር ወንበሩን ሳበና ኮቱን አወለቀ፤ ልጅቷም ላፕቶፗን ከፈተች። እኔ ሌላ ቡና አዘዝኩ።