የአምባሰል ንቦችና ጠበቃቸው ጦጢት

በአምባሰል ገደል፣ ማር ቆራጭ በገመድ ካልወረደ በማይደርስበት ዋሻ፣ ከአያት ከቅድመ አያት ጀምሮ የኖሩ ንቦች ነበሩ። አንድ ክረምት አያ ዝንጀሮ መጣና "ዋሻው የአባቴ ርስት ነው" ብሎ ሰፈፋቸውን አፍርሶ ገባበት። ንቦቹ ከሰሱ፤ የታችኛው ዳኛ ከርከሮ ግን ለዝንጀሮ ፈረደለት።

ይግባኝ የሚባለው ለአንበሳ ችሎት ነው፤ ያውም በ60 ቀን ውስጥ። ንቦቹ የችሎቱን ደንብ ስለማያውቁ እመት ጦጢትን ጠበቃ አድርገው ያዙ። ውሉን በሰፈፍ ላይ ጽፈው አተሙ፤ አንድ ገንቦ ማርም ቀብድ ሰጧት። "አብሽሩ" አለች ጦጢት፣ "ከእንግዲህ ነገራችሁ የእኔ ነገር ነው።"

60ኛው ቀን ጦጢት ሾላ ስትለቅም አለፈ። ከዚያ ወዲህ ንቦቹ በጠየቋት ቁጥር መልሷ "ተቀጥሯል" ሆነ። አውራዋ ንብ "እመት ጦጢት፣ እስቲ መዝገቡን አሳዪን" ስትላት "እኔን ትጠረጥራላችሁ?" ብላ ተቆጣች፤ ንቦቹም አፍረው ዝም አሉ። እንዲህ እንዲህ ሲል 5 ዓመት ሄደ። በመጨረሻ አንዲት ወጣት ንብ ራሷ አንበሳ ችሎት ድረስ በርራ ጠየቀች። በስማቸው የተከፈተ መዝገብ አልነበረም።

ንቦቹ ከሐይቅ እስጢፋኖስ ገዳም ማዶ፣ በሐይቁ ዳር በሚያስችለው በሽማግሌው ዔሊ ፊት ጦጢትን ከሰሷት። ጦጢት ስለ ጥፋቷ አንድ ቃል አልተነፈሰችም። "ጉዳት ከደረሰ 2 ዓመት ካለፈ ክሱ በይርጋ ይታገዳል፤ ይኸው 5 ዓመት ሆኖታል" ብላ ተቃወመች።

አውራዋ የታተመውን ሰፈፍ አወጣች። ዔሊ አንብቦ ሲያበቃ "የ2 ዓመቱ ይርጋ ከበዳዩ ጋር ውል ለሌለው ተበዳይ ነው። እናንተ ግን በውል ታስራችኋል፤ የውል ይርጋ 10 ዓመት ነው። ክሱ ይሰማል" አለ። ንቦቹ በደስታ ሐይቁን በጥዝታ ሞሉት።

"ቆዩ" አለ ዔሊ። "ይግባኙ በጊዜው ቢገባ ኖሮ ዋሻው ይመለስላችሁ እንደነበር አስረዱኝ። እሱን ካላስረዳችሁ የካሳውን ልክ በምን ላውቅ?"

ንቦቹ ምስክር ፍለጋ ወጡ። ዝንጀሮ ሲገባ ያየችው ጭልፊት ሞታለች። የድሮው ሰፈፍ የተጣበቀበትን ግድግዳ የዝንጀሮ ልጆች ፍቀውታል። ማር ቆራጩም የትኛው ክረምት እንደነበር ተምታቶበታል። ዔሊ እያዘነ ፈረደ፦ ጦጢት የበላችውን ማር ትመልስ፤ የዋሻው ካሳ ግን ማስረጃ አጥቶ ቀረ።

"ጌታዬ፣ ይርጋው አልደረሰም ብለውን አልነበረም?" አለች ወጣቷ ንብ።

"የሕጉ አልደረሰም፣ ልጄ፤ የምስክሩ ግን ቀደመው። ሕግ ለክስ ጊዜ የሚቆርጠውም እውነት ከሰው ልብ ሳይጠፋ እንዲሰማ ብሎ ነው። ጦጢት የሰረቀቻችሁ ከማሩ ይልቅ እነዚያን 5 ዓመታት ነው።"

ተረቱ የአራዊት ነው፤ ቁጥሮቹ ግን የእኛ ናቸው። በ1958 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሥነ ሥርዓት ሕግ ለይግባኝ 60 ቀን ይሰጣል። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ በአንቀጽ 1845 ለውል ክስ 10 ዓመት፣ በአንቀጽ 2143 ከውል ውጭ ለደረሰ ጉዳት 2 ዓመት ይቆርጣል፤ አንቀጽ 2037 ደግሞ ከውል አለመፈጸም የመጣውን ኃላፊነት ወደ ውል ሕግ ይመልሰዋል። ስለዚህ ጠበቃ የያዘ ሁሉ ውሉን በጽሑፍ ያድርግ፤ የመዝገቡን ቁጥርና የውሳኔውን ግልባጭ በእጁ ይያዝ፤ ጥርጣሬ ያደረበት ዕለት ወደ መዝገብ ቤት ይሂድ እንጂ 10 ዓመት አለኝ ብሎ አይተኛ። መጠየቅ ጠበቃን መድፈር አይደለም፤ ታማኝ ጠበቃ መዝገቡን ሳይጠየቅ ያሳያል።