የአክስቴ ጉርሻ

ከቀዶ ሕክምናው በኋላ በቤቴ ካለው ዕቃ ሁሉ አብልጦ ያገለገለኝ የቡና ሲኒ ነው። ሾርባውን በሲኒ፣ እርጎውን በሲኒ፣ የተፈጨውን ምስር በሲኒ። ሐኪሞቹ ከጨጓራዬ 80 በመቶ ያህሉን ቆርጠው አውጥተውታል። የቀረው ሙዝ የሚመስል ቀጭን ከረጢት ስለሆነ አንዷን ሲኒ ለመጨረስ ግማሽ ሰዓት ይፈጅብኝ ነበር። የገረመኝ ግን የረሃቤ ነገር ነው። ረሃብን የሚቀሰቅሰው ግሬሊን የሚባል ሆርሞን በብዛት የሚመነጨው ከተቆረጠው ክፍል ነው፤ ዕድሜዬን ሙሉ ሲጎተጉተኝ የኖረ ነገር በአንድ ጠዋት ዝም አለ። በደስታ አለቀስኩ።

118 ኪሎ ነበርኩ። ስኳርም ግፊትም ነበረብኝ፤ ሌሊት ትንፋሼ እየተቋረጠ ያባንነኝ ነበር። እንዲህም ሆኖ ከእህቴ በቀር ለማንም አልተናገርኩም። «ሆዷን መግዛት አቅቷት በቢላ አስቆረጠችው» ይባልብኛል ብዬ ፈራሁ። እዚህ አሜሪካ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ ለሚኖሩት ዘመዶቼ «የሐሞት ጠጠር ሊያወጡልኝ ነው» አልኳቸው። ያቺ ውሸት ብዙ አስከፈለችኝ።

በአምስተኛው ቀን አክስቴ ለአራስ እንደሚሠራው አድርጋ ገንፎ ይዛልኝ መጣች፤ ቅቤና በርበሬው መሐሉ ላይ ሞልቶ። እኔ የተፈቀደልኝ ፈሳሽ ብቻ ነው። ሁለት ሳምንት ፈሳሽ፣ ከዚያ የተፈጨ፣ ከዚያ ለስላሳ ምግብ፣ እንዲህ ደረጃ በደረጃ ነው የሚኬደው። «ቆይቼ እበላዋለሁ» ብዬ አስቀመጥኩት። እሷ ግን ስበላ ሳታይ የምትሄድ ሴት አይደለችም። ተኝቼ መስዬ እስክትሄድ ጠበቅኳት። ገንፎ ለማገንፋት ክንዷ የዛለውን ሴት እንዲያ አድርጌ መሸኘቴ ዛሬም ይከነክነኛል።

በአራተኛው ወር 27 ኪሎ ቀንሼ ነበር። ፀጉሬም ይረግፍ ጀመር። ሰውነት ድንገት ሲከሳ የሚመጣ ነገር ነው፤ ተመልሶ እንደሚበቅል ነግረውኛል፣ በቅሏልም። ግን ሹሩባ ስሠራ ማበጠሪያው ላይ የሚቀረውን ያየች ሁሉ ዝም አትልም። ቤተ ክርስቲያን ግቢ ውስጥ ሰዎች ሰላምታውን በወጉ ሳይጨርሱ «ምነው ከሳሽ?» ይሉኝ ነበር። በ1990ዎቹ አዲስ አበባ ያደገ ሰው፣ አንድ ሰው በድንገት ሲከሳ «ኤድስ ይዞት ነው» ይባል እንደነበር ያውቃል። ወሬው ውቅያኖስ ተሻግሮ እናቴ ጆሮ ደረሰ። ሌሊት ደውላ «ልጄ፣ አትደብቂኝ፤ ለቁልቢው ገብርኤል ተስዬልሻለሁ» አለችኝ። ለእሷም ቢሆን እውነቱን አልነገርኳትም። በሕይወቴ እንደዚያ ስልክ የምጸጸትበት ነገር የለም።

ከዚያ የአጎቴ ልጅ ወንድ ልጁን ክርስትና አስነሳ። አክስቴ ወሬውን ሰምታለች፤ የመጣችውም ልታበላኝ ቆርጣ ነው። ከዶሮ ወጡ፣ ከእንቁላሉ፣ ከአይቡ አድርጋ ጠቀለለችና «በሞቴ!» አለች። እምቢ አልኩ። ደግማ «አፈር ስሆን!» አለች። ሰው ሁሉ ያያል። ሦስተኛ ጊዜ እጇ አየር ላይ ሲቀር አላስቻለኝምና አፌን ከፈትኩ።

እንጀራ ለእንደኔ ዓይነቱ ጨጓራ አስቸጋሪ ነው፤ ለስላሳ ቢሆንም ሳይላም ከተዋጠ ተጠቅልሎ መግቢያው ላይ ይቀመጣል። እያንዳንዱን ቁራሽ ሃያ ሠላሳ ጊዜ ማኘክ ነበረብኝ። አፍ የሞላ ጉርሻ ግን አያላውስም። ዋጥኩት። ደረቴ መሐል ድንጋይ የተቀመጠ መሰለኝ፤ ምራቄ አረፋ ሆኖ ይወርዳል። ይግፋልኝ ብዬ ውኃ ጠጣሁ፤ ያ ደግሞ ባሰ፣ ውኃውም መሄጃ የለውም። መታጠቢያ ቤት ገብቼ በሩን ዘጋሁ። አንዱ 911 ደወለ።

ባለሙያዎቹ ሲደርሱ ጉርሻው ወጥቶልኝ ነበር፤ ደረቴ ላይ ሽቦ ለጥፈው ልቤን መረመሩና ደኅና ነው አሉ። «ቀዶ ሕክምና አድርገሻል?» ብለው ሲጠይቁኝ መዋሸት አልቻልኩም። አጠገባቸው የቆመው የአሥር ዓመት ልጅ ቃሌን ወደ አማርኛ መልሶ ለአክስቴ ጮክ ብሎ ነገራት፦ «ጨጓራዋን አስቆርጣለች!» ቤቱ ጸጥ አለ። አክስቴ ወለሉ ላይ አጠገቤ ቁጭ ብላ እጄን ያዘች። «ብትነግሪኝ እኮ አሳንሼ አጎርስሽ ነበር» አለችና አለቀሰች። እውነቷን ነው። ጉርሻው ፍቅር ነበር፤ ያነቀኝ የእኔ ዝምታ ነው።

ያን ማታ ለእናቴ ደወልኩ። ስለቷን አላስቀረችም፤ «ስለዳንሽ አገባለሁ» አለች።

ቀሪው የየዕለት ሥራ ነው። ቢ12 ዕድሜ ልኬን እወስዳለሁ። ካልሲየሙና ብረቱ በሁለት ሰዓት ይራራቃሉ፤ ሰዓቱን የምታስታውሰኝ አክስቴ ናት። ምግብና ውኃ አላገናኝም፤ ከበላሁ በኋላ ግማሽ ሰዓት እጠብቃለሁ። ሁዳዴ ሲመጣ ግን ተጨነቅኩ። በቀን ቢያንስ 60 ግራም ፕሮቲን ያስፈልገኛል፤ 100 ግራም የተቀቀለ ምስር የሚሰጠው 9 ግራም ገደማ ነው። በምስር ብቻ ልሙላ ብል ከግማሽ ኪሎ በላይ ሊሆን ነው፣ በሲኒ ለሚለካ ሆድ! የንስሐ አባቴን ጠየቅኳቸው። «ሐኪም ያዘዘልሽን ብዪ፤ ጸሎቱን አትተዪ» አሉኝ። በዚያ ዓመት 55ቱን ቀን እንቁላልና እርጎ በላሁ፤ ያለ ኀፍረት።

አክስቴ ዛሬም ታጎርሰኛለች። የአውራ ጣት ጥፍር የምታክል አድርጋ ትጠቀልልና እስካኝክ ድረስ ታየኛለች። ይህን ቀዶ ሕክምና የምታስቡ ወገኖቼ፣ እባካችሁ፣ ሆስፒታል ከመግባታችሁ በፊት ለምታጎርሳችሁ ሰው ንገሯት።