እንኳን አደረሰህ፣ ምነው ከሳህ?

መስከረም ሲጠባ መርካቶ ውስጥ ሁለት ዓይነት የጉራጌ ልጅ ይታያል። አንዱ ለመስቀል አገር ቤት የሚገባ ነው። ሌላው «ዘንድሮስ አልገባም» ሲል ከርሞ ከሚገባው ቀድሞ አውቶቡስ ተራ የሚገኝ ነው። እኔ ሁለተኛው ነኝ።

ቀን ቀን ሚጥሚጣና ኮረሪማ እሸጣለሁ፤ ማታ ማታ ተረብ እጽፋለሁ። ሁለቱም ያቃጥላሉ፤ እንጀራ የሚወጣው ግን ከአንዱ ነው። ነሐሴ መጨረሻ ላይ ዕቃው መወደዱን፣ ገበያው መቀዝቀዙን ለጎረቤቴ ለባለ ብርድ ልብሱ አወራሁና «ዘንድሮ በቃኝ፣ እዚሁ ነኝ» አልኩት። እጁን ዘረጋልኝ።

«ምንድን ነው?»

«ቁልፉን። መስከረም 13 ሲጨንቅህ ከማይ አሁኑኑ ብትሰጠኝ ይሻላል።»

ሰውየው ሙስሊም ነው። እሱ ለአረፋ ወራቤ ሲወርድ ሱቁን የምጠብቅለት እኔ፣ እኔ ለመስቀል ስገባ የኔን የሚጠብቅልኝ እሱ። ውል የለን፣ ምስክር የለን፣ ዓመታት ኖረናል። ባለፈው አረፋ ከአገሩ ሲመለስ «ስንት ሸጥክልኝ?» አለኝ።

«ሦስት ብርድ ልብስ።»

«ለማን?»

«አንዱን ለራሴ፣ በዱቤ።»

«ሁለቱንስ?»

«አንዱ አላሞቀኝም።»

እናም 13 ደረሰ፤ ቁልፉን ሰጠሁት። ምንም አላለኝም። ፈገግ ብሎ ተቀበለኝ፤ እሱ ደግሞ ከተረብ ይብሳል።

አውቶቡስ ተራ በዚያ ሰሞን መናኸሪያ አይደለም፣ ደመራ ነው፤ ሰው በሰው ላይ ተደምሮ የሚለኩሰው ይጠብቃል። ለኳሹ ረዳቱ ነው። «ወልቂጤ! ጉብሬ! እምድብር!» ይላል፣ አገሩን እሱ የፈጠረው ይመስል።

«ስንት ነው?» አልኩት።

«እጥፍ።»

«የምን እጥፍ? ታሪፉ ይኸው መስኮቱ ላይ ተለጥፎ የለም?»

«እሱ የመስኮቱ ነው። አንተ የምትቀመጠው ወንበር ላይ ነው።»

ከኋላዬ አንዲት እናት ቅርጫታቸውን እንደታቀፉ ጣልቃ ገቡ። «ልጄ፣ ይህ መኪና ስንት ሰው ይጭናል?»

«የመጣውን ሁሉ፣ እማማ።»

«ከመጣውስ የተረፈው?»

«እሱ ትርፍ ይባላል፤ እሱንም እንጭናለን።»

ተጫንን። ከጎኔ ሱፉን ግጥም አድርጎ፣ ከረባት አስሮ የተቀመጠው ጎረምሳ መልኩ አዲስ አልሆነብኝም። ትኩር ብዬ ሳየው ለካ ሱቄ በር ላይ ጫማ የሚጠርገው ሊስትሮ ነው! እሱ ግን የሚያየው ፊቴን ሳይሆን ጫማዬን ነበር።

«ጋሼ፣ በዚህ ጫማ ነው አገር ቤት የምትገባው?»

«ምን ሆነ? ባለፈው ሳምንት አንተ አይደለህ የጠረግኸው?»

«እሱን ነው የፈራሁት። ማን ጠረገልህ ቢሉህ ስሜን እንዳታነሳ።»

«እሺ፣ አንተስ ምን እሠራለሁ ትላቸዋለህ?»

ከረባቱን አስተካከለ። «የቆዳ ውጤቶች እድሳት ላይ ነኝ።»

ከአዲስ አበባ ወልቂጤ 150 ኪሎ ሜትር ቢያልፍ ትንሽ ነው፤ ሰበታ፣ ቱሉ ቦሎ፣ ወሊሶ ብሎ ያልቃል። በመስቀል ሰሞን ግን መንገዱ የሚለካው በኪሎ ሜትር አይደለም፣ በወሬ ነው። ከፊታችን የተቀመጡ ሽማግሌ የድሮውን ያነሱ ነበር፤ በ1950ዎቹ የጉራጌ ነጋዴ፣ ሊስትሮው ሳይቀር፣ ከኪሱ እያዋጣ ከዓለም ገና በቡታጅራ ሆሳዕና የሚያደርሰውን መንገድ እንዴት እንዳሠራ። ይህ የምር ነው። መንግሥትን ከመጠበቅ ተደራጅቶ ማዋጣት ያዋጣል ብለው የተነሡ ሰዎች ነበሩ፤ ተረበኛም ብሆን እዚህ ላይ ባርኔጣዬን አነሳለሁ። ሊስትሮው ግን አላነሳም።

«አባባ፣ ያኔ እንደዚያ ያጣደፋችሁ ምንድን ነው?»

«ክትፎው ነዋ! በእግር ስንሄድ ለብለቡ በርዶ ይጠብቀን ነበር።»

«መንገዱን እናንተ ካሠራችሁትማ ዛሬ ለምን እጥፍ ያስከፍላችኋል?»

ሽማግሌው ረዳቱን ከእግር እስከ ራሱ አዩት። «መንገዱን አዋጥተናል። የሱን ሆድ ማን ችሎ ያዋጣል?»

ረዳቱ ሳቀ፤ መልሳቸውን ግን አልመለሰም።

ሰፈር ስደርስ መሽቷል። በጀፎረው፣ በሰፈሩ ሰፊ ጎዳና ላይ፣ ልጆች ይሯሯጣሉ፣ ከየቤቱ ጭሱ ይጎተታል፣ እንሰቱ መሐል ላም ታገሳለች። አክስቴ በር ላይ ቆማለች። በጽሑፌ ስንቱን አፍ አስይዤያለሁ ብዬ የምኮራው ሰው አክስቴ ፊት ስቆም አፌን የሚይዘኝ የለም፣ ራሱ ይያዛል።

«እንኳን አደረሰህ! ምነው ከሳህ?»

«ኧረ አክስቴ፣ አምስት ኪሎ ጨምሬያለሁ።»

«በሱቅህ ሚዛን?»

ቤቱ በሳቅ ፈረሰ። እኔ ገና ደፉን አልተሻገርኩም።

«ብቻህን ነህ እንዴ?» ቀጠለች፣ ከኋላዬ ጨለማውን እያየች።

«ብቻዬን ነኝ።»

«አውቶቡሱ ቦታ አልነበረውም?»

አጎቴ ደግሞ ከምድጃው አጠገብ ሆኖ ከሥር ከሥር ይለኩሳል። ኑሮ ተወደደ፣ ቤት ኪራይ ናረ፣ ሠርግ ስንት ያስወጣል ብዬ በደንብ አስረዳሁት። አዳመጠኝ፣ ራሱን ነቀነቀ። «ልክ ነህ፤ ሁሉ ነገር ተወዷል» አለኝ። «በሬም ተወዷል። ትተነው እናውቃለን?»

መስቀል መስከረም 17 ነው፤ ደመራው በ16 ምሽት ነው። በእኛ በሰባት ቤት ጉራጌ ግን በሬው በ15 ይወድቃል፤ የአዲስ አበባው ደመራ ሳይለኮስ እኛ ሽንጡን አጋምሰነዋል። ሥጋውን ደግሞ የጎመን ክትፎው ይቀድመዋል። ከዚህ ሁሉ ጀርባ ያለው ግን የሴቶቹ ቅቤ ነው። ዓመቱን ሙሉ በውጆ ተሰባስበው ተራ በተራ እየተሰጣጡ ያጠራቅሙታል፤ ባንክ ቤት ውስጥ ያላየሁትን ታማኝነት ቅቤ ቅል ውስጥ አይቻለሁ። አክስቴ የዘንድሮውን ስትከፍተው ዓይኔ ፈጠጠ።

«ይህ ሁሉ ለእኛ ነው?»

«ግማሹ ለክትፎው፣ ግማሹ ለፀጉሬ። ለእናንተ ሽታው አለላችሁ።»

አዲስ አበባ ውስጥ «ስፔሻል ክትፎ» የሚባል በትንሽ ጣባ እየቀረበ መሆኑን ነገርኳት።

«ስፔሻል ምን ማለት ነው?»

«ልዩ ማለት ነው።»

«ምኑ ነው ልዩ?»

«ዋጋው።»

ይህቺን አንድ አገባሁ ብዬ ዙሪያዬን ስቃኝ የሳቀልኝ የለም። ሁሉም ዓይኑ በር ላይ ነው፤ የአጎቴ ልጅ ከአሜሪካ፣ ከሲልቨር ስፕሪንግ፣ ልጁን ይዞ ገባ። ሻንጣው ከመግባቱ በፊት ስልኩ ገባ፤ እየቀረጸ ነው። «መስቀል እኮ በ2006 ዓ.ም. በዩኔስኮ ተመዝግቧል!» አለን፣ የምሥራች እንደሚያበስር።

አክስቴ ቢላዋዋን አቆመች። «ተመዘገበ? ማን አስመዘገበው?»

«መንግሥት።»

«አለቀልን! ግብር ሊጥሉብን ነው።»

አጎቴ አረጋጋት። «አይዞሽ፣ የተመዘገበው የከተሜው ደመራ ነው። እነሱ ይክፈሉ።»

ባለ ስልኩ ክትፎው ሲቀርብለት «ትንሽ በደንብ ይብሰልልኝ» አለ። አክስቴ ጣባውን ወስዳ ምድጃው አጠገብ አስቀመጠችው፣ ቆጥራ አሥር ሳትሞላ መለሰችለት። «በሰለ?» ቢላት «እሳቱን አይቷል፤ ከዚህ በላይ ከተዋወቁ ጥብስ ነው» አለችው።

ልጅቷ ግን ባሰች። አሥራ ሦስት ዓመቷ ነው፤ ሥጋም፣ ቅቤም፣ ወተትም እንደማትቀምስ አባቷ እያፈረ ተናገረ።

«ጾም ይዛ ነው?» አክስቴ ጠየቀች።

«አይደለም፤ ቪጋን ናት።»

«ስንት ቀን ነው እሱ ጾም?»

«ዕድሜ ልክ ነው።»

አክስቴ አማተበች። «ወይኔ ልጄን! በዚህ ዕድሜዋ ምን ብትበድል ነው ንስሐ አባቷ እንዲህ የቀጧት?»

የጎመን ክትፎ ቀረበላት። ልጅቷ በሚሰባበር አማርኛዋ «ምን አለበት?» አለች። «ጎመን» አለቻት አክስቴ። «ሌላ?» «ፍቅር።» ፍቅሩ ተነጥሮ፣ ኮረሪማ ገብቶበት፣ ከጎመኑ በላይ ይንሳፈፋል። አባቷ ሹክ ብሎ ቢነግራት ልጅቷ ጣባውን አይታ፣ አባቷን አይታ፣ እንደገና ጣባውን አይታ፣ «ዛሬ ብቻ» አለች። ነገም አለችው።

ደመራው ከመለኮሱ በፊት የተጣላ ይታረቃል፤ ደንብ ነው። በአንድ መደዳ ባሕር ዛፍ ምክንያት ለአራት ዓመት ያልተነጋገሩ ሁለት ዘመዶቼ ሽማግሌ ፊት ቀረቡ። ዛፉ ከተሸጠ ቆይቷል፤ ገንዘቡም ተበልቷል። አንደኛው ከአዳም ጀምሮ ሊተርክ ሲል ሽማግሌው አቋረጡት። «ጠባችሁም እንደ ዛፋችሁ ሆነ፤ በቆረጥነው ቁጥር ያቆጠቁጣል። ዘንድሮ ከሥሩ ንቀሉልኝ፣ ክትፎው እየቀዘቀዘ ነው።» ታረቁ። ክትፎው ያስታረቀውን ፍርድ ቤት አላስታረቀውም ነበር።

አሁን አንድ ነገር ላውራችሁ፤ ይህን ሁሉ ያስጻፈኝ እሱ ነው። በዚያው ማታ ከቤይሩት የመጣች የአጎቴ ልጅ አብራን ነበረች። ስድስት ዓመት በሰው ቤት ሠርታ መመለሷ ነው። ስትገባ ቤቱ ጸጥ አለ። ጥሩው በርጩማ ለሷ፣ ሻኛው ለሷ፣ «ብይ የኔ እናት»፣ «አፈር ስሆን»፣ «ድካምሽን እኛ እንውሰደው»። አንድ ሰው «ከሳሽ» አላላት፣ አንድ ሰው «ምነው ብቻሽን?» አላላት። እሷ ትቀበላለች፣ ትቀምሳለች፣ ፈገግ ትላለች። የሚስቀው ሰው ሲስቅ ደግሞ ዝቅ ብላ ጣቶቿን ታያለች።

በእኛ ቤት ከተረብ የሚተርፈው ሐዘንተኛና እንግዳ ብቻ ነው። ልጅቷ ሐዘንተኛ አይደለችም። የትኛው እንዳደረግናት ማንም ያስተዋለ አልነበረም፤ እኔም፣ በዚህ ነገር እንጀራ እበላለሁ የምለው፣ ጭልፋ እያቀበልኩ «እባክሽ ጨምሪ» እላታለሁ።

ቡናው ሁለተኛ ሲደርስ ሲኒዋን አስቀመጠች።

«ምን አጠፋሁ?» አለች።

ሁላችንም ደነገጥን። «ምነው የኔ እናት? ማን ምን አለሽ?»

«እሱ ነዋ! ማንም ምንም አላለኝም። ከመጣሁ ጀምሮ አንድ ሰው አልሰደበኝም።»

ቤቱ ጭጭ አለ። አጎቴ ጉሮሮውን ጠረገ፣ እኔ ጣሪያ አየሁ። አክስቴ ጀበናውን ወደ ሲኒው አዘንብላ፣ ቀና ሳትል፣ «ቆይ እንጂ» አለች። «ሻንጣሽን ገና አልከፈትሽም። ያመጣሽው ሳይታይ እንዴት ብለን እንስደብሽ?»

ልጅቷ መጀመሪያ ሳቀች፣ ከዚያ አለቀሰች፣ ከዚያ ሁለቱን አንድ ላይ አደረገችው። ከዚያ በኋላማ ማን ያስቁመን! ዐረብኛዋን፣ አካሄዷን፣ ሻይ አጠጣጧን፣ የቀረ የለም። እሷም ስድስት ዓመት ያጠራቀመችውን አወጣችው፤ እኔን «የጋዜጣ ቀልድህን ቤይሩት ሆኜ አነብ ነበር» ስትለኝ ደስ ብሎኝ «ሳቅሽ?» ብላት፣ «አገሬ ናፍቆኝ ነበር፣ ማንኛውም አማርኛ ያስለቅሰኝ ነበር» አለች።

በ18 ጠዋት ጓዝ ታሰረልኝ። በኮባ የተጠቀለለ ቆጮ፣ አይብ፣ በጠርሙስ የታሸገ ቅቤ። መናኸሪያው ላይ ያው ረዳት ቆሟል።

«ይሄ ምንድን ነው?»

«ቆጮ።»

«የአንድ ሰው ቦታ ይይዛል፤ ይከፈልበት።»

ልመልስ አፌን ስከፍት አክስቴ ቀደመችኝ። «ወንበሩ አንድ ከሆነ ልጁን አውርደውና ቆጮውን አስቀምጠው። አዲስ አበባ የሚጠበቀው ቆጮው ነው።»

ረዳቱ ቆጮውን በነጻ ጫነው። እኔን እጥፍ አስከፈለኝ።

ሱቅ ስደርስ ጎረቤቴ በርጩማው ላይ ተቀምጧል። ገና ከሩቅ አፍንጫውን ቀና አደረገ። «ሥጋውን ለራስህ አድርገው» አለኝ፣ «ቁልፉን የምሰጥህ ግን ቆጮውና ቅቤው ሲወርድ ነው።» አወረድኩለት፤ ቁልፉን ሰጠኝ።

«ስንት ሸጥክልኝ?»

«ምንም።»

«በአምስት ቀን ውስጥ አንድ ሰው አልመጣም?»

«ኧረ መጥቷል፤ የመጣው ሁሉ ግን አንተን ነበር የሚጠይቀኝ።»

«ታዲያ ምን አልካቸው?»

«‹ዘንድሮ አልገባም ብሎ ነበር፤ ቤቱ ፈልጉት› አልኳቸው።»