ውዳሴ መነጽር

ጠመንጃ ለክፉ ቀን ነው ተብሎ ከአባቶች የወረደው ትምህርት ጎደሎ ሆኖ መገኘቱን፣ ጉድለቱም ጠመንጃው አፍ እንጂ ዓይን ያልተሰጠው በመሆኑ እንደ ሆነ የመረመሩ ሊቃውንት በዘመናችን ከመተማ ዮሐንስ እስከ ገንዳ ውሃ፣ ከዚያም አልፎ እስከ ቋራ ቆላ ድረስ በየቡና ቤቱ በረንዳና በየሰሊጥ መጋዘኑ ጥላ ሥር ስለ ተነሡ፣ ምስጋናቸው እንዳይቀርባቸው የትምህርታቸውን ፍሬ ለአንባቢ ልናደርስ ወደድን። ቀድሞ የቆላ ሰው ሰሊጡን ሸጦ ገንዘብ በእጁ በገባ ጊዜ ጎተራውን ያድስ፣ ጣራውን ቆርቆሮ ያለብስ፣ ወይም ልጁን ጎንደር ልኮ ያስተምር ነበር፤ እንዲህ ያለው ምድራዊ አሳብ ዛሬ ተንቆ፣ ዓመቱን ሙሉ ከግድግዳ ተሰቅሎ አቧራ ለሚቅመው ክላሽ የሚስማማው መነጽር የትኛው ነው የሚለው ጥያቄ ከጥያቄዎች ሁሉ በላይ ሆኖ ተቀምጧል። ስለ ጦር መሣሪያ አስተዳደርና ቁጥጥር የወጣው አዋጅ ቁጥር 1177/2012 ስለ ፈቃድ ምን ይላል የሚል ሰው በመካከል ቢገኝ እንደ መናፍቅ ይታያል።

ዐፄ ዮሐንስ አራተኛ በ1870 ዓ.ም. በቦሩ ሜዳ ሊቃውንቱን ሰብስበው፣ ተዋሕዶ፣ ቅባትና ጸጋ እየተባለ ለዘመናት ሲያቆራቁስ የኖረውን ክርክር በጉባኤ ቆርጠው ነበር። እኒሁ ንጉሥ በመጋቢት 1881 ዓ.ም. በዚሁ በመተማ ከደርቡሽ ጦር ጋር ሲዋጉ በጥይት ቆስለው ካረፉ ወዲህ ግን ለቆላው ጉባኤ የሚሠራለት ስላልተገኘ፣ የመነጽር ሃይማኖት በሦስት ተከፍሎ ቀርቷል። (ንጉሡን ያገኛቸው ጥይት በእሾህ አጥር ከተመሸገ ጦር የተተኮሰ እንጂ መነጽር ከተገጠመለት ጠመንጃ የወጣ አለመሆኑን ታሪክ ዐዋቂዎች ቢያስታውሱም፣ ሦስቱም ወገኖች ይህን ወሬ አይወዱትም።)

የመጀመሪያዎቹ ቀይ ነጥባውያን ናቸው። እንደ እነርሱ ትምህርት፣ ተኳሹ ሁለቱንም ዓይኑን ገልጦ በመስታወቱ ውስጥ የምትበራዋን ቀይ ነጥብ በጠላቱ ላይ ካሳረፈ ሌላ ድካም የለበትም፤ ብርሃኗም ከባትሪው ይሠርጻል። ባትሪው ሲያልቅስ ብርሃን ከወዴት ይሠርጻል ተብለው በተጠየቁ ጊዜ፣ ነጋዴው ከጎንደር ያመጣዋል ብለው ይመልሳሉ፤ ነጋዴውም መንገዱ ከተከፈተ ይመጣል፤ መንገዱ የሚዘጋው ደግሞ ክፉ ቀን ሲመጣ ነው።

ሁለተኞቹ አራት እጥፋውያን ናቸው፤ ከሁሉ ይልቅ የሚያከብሩትም የሶቪየት ጦር በ1963 እ.ኤ.አ. ከተቀበለው ከድራጉኖቭ ጠመንጃ ጋር የተሠራውን፣ ሩቁን አራት ጊዜ የሚያቀርበውን መነጽር ነው። በዚህ መነጽር መስታወት ላይ አንዲት ጎባጣ መስመር ተስላለች፤ ቆሞ የሚታይ ሰው እግሩ በታችኛው ቀጥ ያለ መስመር፣ ራሱም በጎባጣዪቱ ላይ ሲያርፍ ርቀቱ እስከ 1000 ሜትር ድረስ በቁጥር ይነበባል። ይህ ይሆን ዘንድ መሐንዲሶቹ የአዳምን ልጅ ሁሉ ቁመት 1 ሜትር ከ70 ሳንቲ ሜትር ብለው ወሰኑት። መስመሯ አጋችን ከመንገደኛ፣ ሽፍታን ከአጫጅ፣ ባላንጣን ከአጎት ልጅ ሳትለይ ሁሉን በአንድ ክንድ ትለካለች፤ አድልዎ በበዛበት ዘመን ለሰው ሁሉ እኩል የሆነ ነገር ከተገኘ ይህ አንዱ ነውና ሊመሰገን ይገባዋል።

ሦስተኞቹ ብረታውያን፣ ክላሹ ከፋብሪካ ይዞት የመጣው ማነጣጠሪያ ይበቃል የሚሉ ሽማግሌዎች፣ ጤነኞች ይመስላሉ፤ ነገር ግን በኋለኛው ማነጣጠሪያ ላይ ከ1 እስከ 10 የተጻፉትን፣ እያንዳንዳቸው መቶ ሜትር የሚያመለክቱትን ቁጥሮች ባዩ ጊዜ እነርሱም ይፈተናሉ። ከእነርሱ አንዱ ተንሸራታቹን እስከ 10 ገፍቶ አንድ ኪሎ ሜትር አሻግሮ ማለሙን በኩራት ነግሮናል፤ በዚያ ርቀት የፊተኛው ማነጣጠሪያ እሾህ ሰውን ቀርቶ ጥማድ በሬን ከነቀንበሩ እንደሚሸፍን ልንነግረው አልደፈርንም።

ሦስቱን ወገኖች አንድ የሚያደርጋቸው ግን አንድ ታላቅ ጾም አለ፤ ከጥይት ይጾማሉ። መነጽር ከጠመንጃው ጋር እንዲስማማ ተኳሹ በታወቀ ርቀት ወረቀት ተክሎ ደጋግሞ መተኮስ፣ በየተኩሱም ብሎኑን ወደ ላይ ወደ ታች፣ ወደ ቀኝ ወደ ግራ እያዞረ ማረም አለበት፤ መነጽሩ ተነቅሎ እንደ ገና ከተገጠመ ደግሞ መፈተኑ አይቀርም። ጥይት ግን ውድ ስለ ሆነ በወረቀት ላይ አይባክንም፤ ተጠብቆ ለሠርግ ይቀመጥና ሙሽራው ሲገባ ወደ ሰማይ ይተኮሳል። እንግዲህ ያ ብዙ ሰሊጥ የተሸጠበት መስታወት ለጌታው የሚያደርግለት አገልግሎት፣ ጥይቱ የማይሄድበትን ስፍራ አራት ጊዜ አቅርቦ ማሳየት ነው።

ክፉ ቀን ራሱ ግን የእነዚህን ሊቃውንት ትምህርት ያነበበ አይመስልም። በሚያዝያ 2015 ዓ.ም. የሱዳን ጦርነት በተነሣ ጊዜ ከገላባት ወደ መተማ ይሻገር የነበረው ሕዝብ ልጁን አዝሎ፣ ድስቱንና ምንጣፉን ተሸክሞ ሲመጣ፣ ከሁሉ አስቀድሞ የሚጠይቀው ስለ ውሃና ስለ ጥላ ነበረ። በመንገድ ላይ ያለው መከራም እንዲሁ ነው፤ አጋች ከቁጥቋጦ የሚወጣው በ800 ሜትር ሳይሆን የመኪናው በር ተከፍቶ ሊነካው በሚችልበት ርቀት ነውና፣ መነጽር የገጠመ ሰው በዚያች ሰዓት የሚያየው የአጋቹን የሸሚዝ ቁልፍ ብቻ ነው፤ እርሱንም አራት እጥፍ አድርጎ።

ከሁሉ የሚገርመው ግን የዚህ ቆላ ዋና ሽፍታ ከ3 ሚሊ ሜትር የማይበልጥ መሆኑ ነው። ካላዛርን የምታስተላልፈው የአሸዋ ዝንብ በበጋ በሚሰነጠቀው ዋልካ አፈርና በግራር ሥር ትኖራለች፤ ከደጋ ወርዶ ሰሊጥ ሊያርም፣ ሊያጭድ የመጣውን ድሀ ሜዳ ላይ በተኛበት በሌሊት ትነድፈዋለች። ከዚያ ወዲህ ትኩሳቱ አይለቀውም፣ ጣፊያው ያብጣል፣ ሥጋው ይመነምናል፤ ካልታከመም ይሞታል። አንድ የካምፕ አለቃ ይህን አስቦ ባለ እርሻውን «ጋሼ፣ ለሠራተኞቹ አጎበር ቢገዛላቸው» ቢለው፣ ባለ እርሻው መነጽሩን በለስላሳ ጨርቅ እየወለወለ «የዘንድሮው ገንዘብ ለጸጥታ ሆነ፤ ለከርሞ እግዜር ያውቃል» ብሎ መለሰለት። እውነቱን ነው፤ ሰሊጥ ከደረሰ ፍሬው ከቅርፊቱ ፈንድቶ ይረግፋልና፣ አጫጁ ሲታመም አዝመራውን ከርግፈት የሚጠብቅ መሣሪያ ያስፈልጋል።

ማጉላት በጎ ከሆነ እጅግ ማጉላት እጅግ በጎ መሆን ስላለበት፣ ከአራት እጥፋውያን መምህራን ለአንዱ ስለ ማይክሮስኮፕ አወራነው፤ የካላዛር ታማሚ በሚመረመርበት ላቦራቶሪ ውስጥ ከጣፊያ ወይም ከአጥንት መቅኔ የተቀዳው ናሙና በመስታወት ላይ ተቀብቶ፣ በዓይን የማይታየው ገዳይ አንድ ሺህ ጊዜ ጎልቶ እንደሚታይ፣ ታይቶም በመድኃኒት እንደሚመታ ገለጽንለት። መምህሩም በፍጹም ተመስጦ አዳመጠን፤ ዋጋውን ጠየቀ፣ ክብደቱን ጠየቀ፣ ባትሪ ይፈልግ እንደ ሆነ ጠየቀ፤ በመጨረሻም ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ «አንድ ሺህ እጥፍ? ኧረ ጉድ! በክላሽ ላይ ይገጠማል ወይስ የግድ ድራጉኖቭ ይፈልጋል?» አለን።