ጳጉሜ የሌለው ዓመት

ለንደን ውስጥ አራስ ለመጠየቅ ስሄድ ገንፎው ከመቅረቡ በፊት የኔ ምክር ይቀርባል። «ጥርስሽን ታየሽ?» እላታለሁ፣ ገና ወገቧ ያልጠናውን ሴት። ከዚያ ማን ያስቆመኛል? እርጉዝ ሴት፣ የወለደችም እስከ 12 ወር ድረስ፣ የኤንኤችኤስ (የብሪታንያ መንግሥት የጤና አገልግሎት) የጥርስ ሕክምና በነፃ ታገኛለች፤ በእርግዝና ጊዜ ሆርሞኑ ድድን ያሳብጣል፣ ያደማል፤ የነፃ ሕክምናውን ሰርተፍኬት በአዋላጅሽ በኩል አስወጪ፣ እሱን ይዘሽ በሐኪም ለታዘዘ መድኃኒትም አትከፍዪም፤ ለጥርሱ ደግሞ የልጁ የልደት ምስክር ወረቀትም ይሠራል። ባለቤቴ «የጥርስ ሚኒስትር» ይለኛል።

ታዲያ ሚኒስትሯ ይህን ሁሉ ስትሰብክ፣ የራሷ ሰርተፍኬት ታትሞ ማቀዝቀዣው በር ላይ ተለጥፎ ነበር። የለጠፈልኝም እሱ ነው። ወተት ላወጣ በሩን በከፈትኩ ቁጥር እንተያያለን። የግራ መንጋጋዬም ከእርግዝናዬ ጀምሮ ቀዝቃዛ ውኃ በነካው ቁጥር ያቃጭል ነበር፤ እኔ በቀኝ በኩል ማኘክ ተማርኩ።

ቀጠሮ አልያዝኩም እንዳልል ሁለት ጊዜ ይዣለሁ። የመጀመሪያውን ልጄ ስላስነጠሳት ሰረዝኩት። አንድ ጊዜ ነው ያስነጠሳት። ሁለተኛውን የሰረዝኩት ስለዘነበ ነው፤ ለንደን ውስጥ! ብዙ ሰው በኤንኤችኤስ የሚያክም የጥርስ ሐኪም አጥቶ ሲንከራተት እኔ ከቤቴ አምስት ደቂቃ የሚያስኬድ ክሊኒክ አግኝቼ ነበር። ዓመቱን ሙሉ አንድ ጊዜ ብቻ ከልቤ ደውያለሁ፤ ጥርስ ማንጣትም ነፃው ውስጥ ይገባ እንደሆነ ለመጠየቅ። አይገባም።

እውነቱን ለመናገር ፈርቼ ነው። አሥራ አራት ሰዓት አምጬ የወለድኩ ሴት፣ ከጣቴ የማትረዝም መርፌ አስፈርታኝ። ከታሪክ ጋር ሳስተያየው ደግሞ ያሳፍረኛል፦ ኤንኤችኤስ እ.ኤ.አ. በ1948 ሲጀመር የጥርስ ሕክምና ለሁሉም ነፃ ነበር፤ በ1951 ለሰው ሠራሽ ጥርስና ለመነጽር ክፍያ ሊጣል ሲል የተቋሙ መሥራች አናይሪን ቤቫን ተቃውሞ ሥልጣኑን ለቀቀ። ሰውዬው ለጥርስ ብሎ ወንበሩን ተወ፤ እኔ ለጥርሴ ብዬ ወንበሩ ላይ መቀመጥ አቃተኝ።

ልጄ አንድ ዓመት የሞላት ማክሰኞ ቀን ነው፤ ድግሱን ለቅዳሜ አዛወርነው። እናቴ ከአዲስ አበባ ቆሎ ልካ ነበር፣ ሽምብራ የበዛበት። ወሬ ይዞኝ በግራ በኩል አኘኩ። ኳ! አለ። የተሰበረው ሽምብራው መስሎኝ መዳፌ ላይ ተፋሁት። ሽምብራው ደህና ነበር።

ሰኞ ጠዋት ክሊኒኩ በር ላይ ተገኘሁ። እንግዳ መቀበያው ላይ የተቀመጠችው ልጅ «ልጅዎ መቼ ተወለደች?» አለችኝ። ስነግራት ኮምፒውተሩን አየች፣ እኔን አየች። ስድስት ቀን አልፎኛል። ዋናው ነገር ሕክምናው የተጀመረበት ቀን ነው፤ ከልደቷ በፊት ተጀምሮ ቢሆን ኖሮ፣ በኋላ ቢጨረስም አልከፍልም ነበር። ይህን ለስንቷ አራስ አስረድቻለሁ።

ዋሽቼ «ነፃ ነኝ» የሚለው ላይ መፈረም አላማረኝም አልልም። ግን ሳይገባው የፈረመ ሰው ከሕክምናው ዋጋ ሌላ እስከ 100 ፓውንድ ቅጣት ሊከተለው እንደሚችል ለጓደኞቼ ስነግር የኖርኩት ራሴ ነኝ። ስለዚህ የመጨረሻውን ካርዴን መዘዝኩ፦ «በእኛ አገር ዓመት 13 ወር ነው፤ ጳጉሜ የምትባል ወር አለችን።» ልጅቷ ከልቧ ሳቀች። ጳጉሜ ግን በዚያ ዓመት አምስት ቀን ብቻ ነበረች። ራሴም ያወቅኩት በኋላ ነው፦ ብትቆጠርልኝ እንኳ አታደርሰኝም ነበር። ልጅቷ ስቃ ስትጨርስ የካርድ ማሽኑን አቀረበችልኝ።

ሐኪሙ ጥርሱን እያየ ቀደም ብዬ ብመጣ መሙላት ብቻ ይበቃው እንደነበር፣ አሁን ግን ክራውን (የጥርስ ቆብ) እንደሚያስፈልገው ነገረኝ። እ.ኤ.አ. በ2025 ታሪፍ መሙላት 75 ፓውንድ ከ30 ፔንስ ነበር፤ ክራውን 326 ከ70። መርፌዋንም ወጋኝ። ቁንጫ ታክል ነበር።

ባለቤቴ ሰርተፍኬቱን ከማቀዝቀዣው አላነሣውም፤ ደረሰኙን ከጎኑ ለጠፈው። ልጄ ስድስት ጥርስ አውጥታለች፤ 18 ዓመት እስኪሞላት ሕክምናዋ ነፃ ነው። የመጀመሪያ ቀጠሮዋን የያዘላት አባቷ ነው።