የጀሪካን ሆድ፦ ከነፃ የንግድ ቀጠናው ደጃፍ የተካሄደ ጥናት

ስለ ነዳጅ አያያዝ ሲወራ አዋቂዎቹ የሚያነሱት ዴፖውን፣ ቦቴውንና የወደቡን ቧንቧ ነው። ቢጫው ጀሪካን እስከ ዛሬ አንድም ጉባኤ አልተጠራለትም። ይህን ክፍተት ለመሙላት በጅቡቲ ነፃ የንግድ ቀጠና ደጃፍ፣ የአንድ ተሳቢ መኪና ጥላ ሥር ቁጭ ብለን ጥናት አካሂደናል። የናሙናው ብዛት አንድ ጀሪካን ነው። የጥናቱ ጊዜ መኪናው ወረፋ እስኪደርሰው ድረስ ነበር፤ ከበቂ በላይ ሆኖ አግኝተነዋል።

በቅድሚያ ከስሙ እንነሳ። ጀርመኖች እ.ኤ.አ. በ1930ዎቹ መጨረሻ ባለ 20 ሊትር የብረት ዕቃ ሠሩ። እጀታው ሦስት ነው፤ ሙሉውን ለሁለት ይዘው እንዲሄዱ፣ ባዶ ከሆነ ደግሞ አንድ ሰው ሁለቱን በአንድ እጁ እንዲያንጠለጥል። እንግሊዞች በሰሜን አፍሪካ በረሃ የገዛ ቆርቆሯቸው እያፈሰሰ ሲያስመርራቸው የጠላትን ዕቃ እየማረኩ ተገለገሉበት። ጀርመንን «ጄሪ» እያሉ ይጠሩት ስለነበር ዕቃውም ጄሪካን ተባለ። እኛ ብረቱን በፕላስቲክ ለውጠን፣ የሽሙጥ ስሙን ሳንነካው ወርሰናል።

የእኛው ቢጫ የዘር ሐረጉ ሌላ ነው። ብዙውን ጊዜ ዓለምን የሚያየው የፓልም ዘይት ተሸክሞ፣ በዚሁ በጅቡቲ በኩል ነው። ዘይቱ ሲያልቅ ውሃ ይቀዳበታል፤ ድግስ ከመጣ ጠላ ይያዝበታል፤ በስተርጅናው ናፍጣ ይሞላና ከሹፌሩ መቀመጫ ኋላ ተወሽቆ ወደ መጣበት ወደብ ይወርዳል። ይህን ሁሉ ሲዞር በራሱ ስም አንድም ቀን ቀረጥ ተጠይቆ አያውቅም። ቀጠናው እ.ኤ.አ. በ2018 ሥራ ሲጀምር ቀስ በቀስ እስከ 4,800 ሄክታር እንዲሰፋ ታስቦ ነበር፤ ጀሪካኑ ያንኑ ነፃነት በ20 ሊትር ውስጥ ቀድሞ ጨርሶታል።

ስለ አዘገጃጀቱ። ናፍጣ ከመግባቱ በፊት የቀድሞ ሕይወቱ መታጠብ አለበት። አንድ እፍኝ ጠጠር፣ ትንሽ ኦሞና ውሃ ይጨመርበትና እንደ እርጎ ይናጣል (ጅቡቲ ላይ ውሃውን ማሞቅ አያስፈልግም፤ ሞቆ ነው የሚመጣው)። ከዚያ ተዘቅዝቆ ፀሐይ ላይ ይውላል። ንጽሕናው የሚረጋገጠው በረዳቱ አፍንጫ ነው። ማድረቁን እንደ ቀልድ የሚያይ ሰው ይኖራል፤ የቀረችው ውሃ ግን ከናፍጣው ሥር ትዘቅጥና ፊልትሮውን አልፋ ፖምፓው ከደረሰች፣ አፋር በረሃ መሀል ኮፋኖ ከፍቶ የሚቆመው ያው ሰው ነው።

ቀጥሎ ክዳኑ። ጎሚኒው መቼ እንደጠፋ የሚያስታውስ የለም። በምትኩ ፌስታል ተጣጥፎ አፉ ላይ ይደረግና ክዳኑ ከላዩ ይጠብቃል። የውሃ ጀሪካን ላይ ቆሮቆንዳ የሚወትፉም አሉ፤ ለናፍጣ ግን አይመከርም፣ ይጠጣዋል። በሌላው ዓለም ባለ ቤንዚን ሞተር የመጫወቻ ጀልባ የሚነዱ ሰዎች ነዳጁን የሚይዙት በለስላሳ ከረጢት ነው፤ ነዳጁ ባለቀ ቁጥር ከረጢቱ አብሮ እየተሟሸሸ አየር ወደ ሞተሩ አያስገባም። ከረጢት ለነዳጅ እንደሚያስፈልግ እኛም ደርሰንበታል። የተገለገልንበት ቦታ ብቻ ነው የተለየው።

ዋናው ግኝታችን ሆዱን ይመለከታል። አዲስ አበባ ከባሕር ወለል ከ2,300 ሜትር በላይ ከፍ ብላ ስለተቀመጠች የአየር ግፊቷ የጅቡቲን ሦስት አራተኛ ያህል ነው። ጎደል ያለ ጀሪካን እዚያ ጥብቅ ተደርጎ ተዘግቶ ሲወርድ ጎንና ጎኑ ወደ ውስጥ ይሰረጉዳል፤ የጅቡቲ ሙቀት ሊነፋው ቢሞክርም አይሆንለትም። እዚህ ተዘግቶ ሽቅብ የወጣው ደግሞ አዋሽን አልፎ ዳገቱን ሲጀምር ሆዱ ይነፋል። መኪኖቹም እንደዚሁ ናቸው። ሲወርዱ ብዙዎቹ ቀለል ብለው፣ ሲመለሱ ስፕሪንጋቸው እስኪተኛ ተጭነው ነው። ከኢትዮጵያ የወጪና ገቢ ንግድ ከ90 በመቶ በላይ የሚሆነው በዚህ ወደብ ስለሚያልፍ፣ የአገሪቱን የንግድ ሚዛን ከአንድ ጀሪካን ጎን በመዳፍ ዳብሶ ማወቅ ይቻላል። ብሔራዊ ባንክ ዘዴውን ቢወስደው ክፍያ አንጠይቅም።

ወደ ማብቂያው ላይ ረዳቱ የተረፈውን ናፍጣ ወደ ሳልባትዮው ሊገለብጥ ናሙናችንን አወጣው። ክዳኑን ሲያላላው ጀሪካኑ በረጅሙ ተነፈሰና የተሰረጎደው ጎኑ ዷ ብሎ ተመለሰ፤ የበሩ ጥበቃ ዞር ብሎ አየን። ግማሹ የተቆረጠ የሃይላንድ ጠርሙስ ማንቆርቆሪያ ሆነ። ጥቂት መሬት ፈሰሰ፤ አስፋልቱ ወዲያው ጠጣው።

«ጋሼ፣ ነጠላ ላርገው ድርብ?» አለ ረዳቱ ከኪሱ ጥቁር ፌስታል እየሳበ።

«ድርብ! የባለፈው ነጠላ ምን እንዳደረገኝ ብርድ ልብሴን ጠይቀው።»

ነገሩን አጣራን። ባለፈው ጀሪካኑ የተሞላው በአዲስ አበባ የማለዳ ብርድ፣ እስከ አፉ ነበር። 20 ሊትር ናፍጣ ከ20 ወደ 40 ዲግሪ ሲሞቅ ሲሶ ሊትር ገደማ ይጨምራል፤ ያ ሲሶ ሊትር መሄጃ ሲያጣ ብርድ ልብሱን መረጠ። ስለዚህ አራት ጣት ያህል ባዶ ይተው ብለን ልንመክር አፋችንን ስንከፍት ከፊት ያለው መኪና ተንቀሳቀሰ። ሹፌሩ ሞተር አስነሳ፣ ረዳቱ ጀሪካኑን አንጠልጥሎ ዘሎ ገባ፣ ጥላችንም አብሯቸው ሄደ።