ለመጀመር ተጫን

ፕሌስቴሽን ቤት ተቀምጦ የሚታዘብ ሰው ኳስ ሊጫወቱ የመጡት ልጆች ሜኑ ሲጫወቱ ያያል። ቡድን ይመረጣል፣ ማሊያ ይመረጣል፣ አሰላለፍ ይስተካከላል። ከኋላ ተራ የሚጠብቀው «ኧረ ጀምሩ!» ሲል፣ ጆይስቲክ የያዘው «ቆይ አንዴ» ይላል። ያቺ «አንዴ» አጥቂው እስኪቀየር፣ ከዚያም ስታዲየሙ ላይ ዝናብ ይዝነብ አይዝነብ የሚለው እስኪወሰን ትዘልቃለች።

ጥፋቱ ግን የልጆቹ ብቻ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1972 የወጣው «ፖንግ» የተባለ ጨዋታ ሜኑ የሚባል ጣጣ አልነበረውም። ሳንቲም ትከታለህ፣ ኳሷ ትመጣለች፤ ሳጥኑ ላይ የሰፈረው ዋናው ምክርም ነጥብ ከፈለግህ ኳሷን አትሳት የሚል ነበር። ዛሬ ግን መጀመሪያ የኩባንያዎቹ አርማ ተራ በተራ ያልፋል፤ ቀጥሎ «ለመጀመር ተጫን» ትባላለህ። ትጫናለህ፤ አይጀምርም። የተከፈተልህ ሌላ ሜኑ ነው! እዚያም በገንዘብ ተጫዋች የሚገዛበት ክፍል ፊት ለፊት ያበራል፤ ከጓደኛህ ጋር የምትጫወትበት ጥጉን ይዞ ተቀምጧል። ይህን የንድፍ ስህተት የሚል ሰው ካለ የዋህ ነው።

የሚገርመው፣ ምንም የሚሸጥ ነገር በሌለበትም ሜኑ ሰውን ማንገላታቱ ነው። ኒንቴንዶ በ1998 ባወጣው የዜልዳ ጨዋታ፣ «ኦካሪና ኦቭ ታይም»፣ ውስጥ የውሃ ቤተ መቅደስ አለ። ጀግናው ለመስመጥ የብረት ጫማ ማድረግ፣ ለመንሳፈፍ ደግሞ ማውለቅ አለበት። ባደረገና ባወለቀ ቁጥር ጨዋታው ይቆማል፣ ሜኑ ይከፈታል፣ የልብሱ ገጽ ይፈለጋል፣ ጫማው ይመረጣል፣ ሜኑ ይዘጋል። ትንሽ ዋኝቶ ደግሞ እንደገና። ሀገር ሊያድን የወጣ ጀግና ዕድሜውን በጫማ ጨረሰ! ንድፉን የሠራው ኤይጂ አኦኑማ ራሱ በዚህ መጸጸቱን ተናግሯል። ጨዋታው በ2011 ለኒንቴንዶ 3ዲኤስ ሲታደስ ጫማው በአንድ ንክኪ የሚደረግ ሆነ። አሥራ ሦስት ዓመት ለጫማ!

ከሁሉም ጨካኙም፣ ለእኔ ከሁሉም ብልሁም፣ በ2008 የወጣው «ዴድ ስፔስ» ነው። የጤናህ መጠን በጀግናው ጀርባ ላይ ይበራል፤ የዕቃ ዝርዝሩ ከፊቱ አየር ላይ ይዘረጋል። ጨዋታው ግን አይቆምም። አንተ ጥይት ስትቆጥር ጭራቁ ይመጣል። እዚያ ቤት «ቆይ አንዴ» አይሠራም።

ሜኑ ውስጥ «እሺ» ማለት እንኳ አንድ ዓይነት አልነበረም። በፕሌስቴሽን ላይ ለጃፓኖች የክቡ ቁልፍ «እሺ»፣ የኤክሱ «ይቅር» ነበር፤ ምዕራባውያኑ ግልባጩን ለመዱ። በ2020 ፕሌስቴሽን 5 ሲወጣ ጃፓኖችም በኤክስ «እሺ» እንዲሉ ተደረገ። ደብተራችን ላይ ቀይ ኤክስ እያየን ላደግን ለእኛም ነገሩ ግራ ነው፤ ግን ማን ጠየቀን?

ጌም መሥራት የጀመራችሁ የሀገራችን ልጆች፣ አደራ። ሙዚቃውንም ቀለሙንም እንደ ልባችሁ አሳምሩ። «ተጫወት» የሚለውን ቁልፍ ግን ከላይ፣ በትልቁ አስቀምጡልን፤ ስንጫነው ደግሞ ጨዋታው ይጀምር።